የፒካፔ ትኩስ ትንፋሽ

መጋ. 2፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰ.

ዛሬም ትኩስ። ሞተር አስነሳሁ፣ ኤሲ ከፈትኩ፣ መዳፌን ከቀዳዳው ፊት ደቀንኩ። የዳቦ ቤት እሳት ነው የምትተፋብኝ። ዘጋሁ። ከፈትኩ። ያው ነው። ደብተር፣ አንቺ ምንም አትበይ።

ዘሃራ ከማንኩሽ፣ ከጉባ ቆላ፣ ደወለች። ልጄ። ነፍሰ ጡር ናት፣ ስምንት ወሯ ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ ወሎን ለቀን እዚህ አሶሳ ከሰፈርን ወዲህም ይቺን ልማድ አልተውናትም። እናቷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። ቤቱ ግን አለ። እኔም አለሁ። ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ ብያታለሁ።

ነገር ግን ባለፈው ወር የጉባ ሙቀት ራሷን አስቷት ነበር። ሐኪሙ ትኩስ መኪና ውስጥ እንዳትገቢ ብሏታል። ባሏ ደግሞ፣ ኤሲው ካልሠራ ትቅር፣ እሁድ እናቴን ከከሚሴ አስመጣለሁ፣ እዚሁ ትውለድ ይላል። ጨዋ ልጅ ነው። ግን አይሆንም!

እንደ በረዶ ነው የሚነፍሰው አልኳት። ዋሸሁ። ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

መጋ. 3፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ሐሚድ ጋራዥ ዋልኩ። ሐሚድ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ የበርታ ተወላጅ፣ ፀጉሩ እንደኔው የሸበተ። የኤሲው ጋዝ አልቋል፣ ሙላ አልኩት። መጀመሪያ ልይ አለኝ። ምን ታያለህ፣ ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ አልኩት። እሱ ግን አየ። በመለኪያው ለካ። ጋዙ ሙሉ ነው፣ እንዲያውም ግፊቱ በዝቷል። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰርም ይሠራል። ፋኑም ይዞራል።

ከዚያ ወደ ፊት ዞሮ የመኪናዋን አፍንጫ አየ። በጣቱ ነካ አደረገ።

“ጋሼ ይመር፣ ይሄ መኪና አጎበር የለበሰው ወባ ፈርቶ ነው?”

ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ደሜ ፈላ። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን አጎበር እኔ ነኝ የሰፋሁት። በወስፌ፣ በሲባጎ፣ ሦስት እጥፍ አድርጌ! በየበጋው ሣሩ ሲቃጠል የሰው ራዲያተር ሁሉ አመድና ፌንጣ ይሞላል። የኔ ንጹሕ ነው። እጅህን አንሳ አልኩት። አነሳ። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

መጋ. 4፣ ረቡዕ

ጋራዡ ዝር አላልኩም። ኤሲውን አሥር ጊዜ ከፈትኩት። ትኩስ።

መጋ. 5፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ተመለስኩ። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ሐሚድም አልጠበቀ። አጎበሩን አልነካውም፣ ውሃ ብቻ ላፍስበት? አለኝ። ውሃ አይጎዳም፣ አፍስ አልኩት። እኔ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊት አንድ ባልዲ ደፋባት።

ደብተር! ቀዘቀዘ! እጄ ላይ የምንጭ ውሃ የመሰለ ነፋስ! ጮህኩ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ሞቀ።

ሐሚድ ባዶውን ባልዲ ይዞ አጎበሬን ያያል። ምን ታያለህ? አልኩት።

“ወላሂ እኔ ምንም አላልኩም።”

መጋ. 6፣ ዓርብ

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቢላ ይዤ ወጣሁ። የገዛ ስፌቴን አንድ በአንድ በጠስኩ። በእጥፉ መሀል ያለውን ብታይ! አመዱ ከጭቃ ጋር ተጋግሮ ቁርበት ሆኗል። የፌንጣ እግር። የሣር ፍሬ። ነፋስ በየት ይለፍ? ከራዲያተሩ ፊት ያለችው ሌላዋ ራዲያተር፣ ጋዙን የምታበርደው፣ ታፍና ኖራለች። ያፈንኳት እኔ። በቀስታ በውሃ ጎማ አጠብኳት፣ ጥቁር ውሃ ወረደ።

አስነሳሁ። ጢሜን በረደኝ! ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።

ከዚያ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። በራሷ ዳነች ብል ማን ያውቃል? ሐሚድ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አጎበሩን በፌስታል ይዤ ሄድኩና ፊቱ ጣልኩለት።

“ወባው ሞተ ወይ ጋሼ?”

“ሞተ። አንተ ቅበረው።”

ጎማ ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔ እስኪያነባ። አብረን ሆሞሻ ከተማ ደርሰን ተመለስን። እንዲሞከር ብሎ ነው። መንገዱን ሁሉ ቀዝቃዛ። ሐሚድ ሹራብ አምጡልኝ እያለ ያላግጥብኛል።

መጋ. 7፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9 ሰ.

መንገድ ዳር፣ ዛፍ ሥር። ለዕረፍት ቆመናል፣ ሞተሩ እንደተነሳ ነው። ዘሃራ ውስጥ ናት!

ማንኩሽ ስደርስ ባሏ መጀመሪያ እጁን ከቀዳዳው ፊት አቆመ። እጁን መለሰና ሻንጣዋን ጫነ። በኩራት ለዘሃራ በሩን ከፈትኩላት።

ውጭው ይጠብሳል፣ እሷ ግን ምን ትላለች? አባዬ በረደኝ! በጉባ ምድር! ጋቢዬን ሰጠኋት። ኤሲውን አልዘጋም።

አሁን ደግሞ፣ ስወልድ ገንፎውን ማን ያገነፋልኛል? አለችኝ። እኔ አልኳት። ሳቀች። ሆድሽን፣ አትሳቂ ብላት ባሰባት። ገንፎ አገንፍቼ አላውቅም፣ እውነት ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ የማንንም በር አንኳኩቼ አላውቅም። ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘምዘም ስንት ጊዜ ምን ላግዝህ አለችኝ፣ ስንቴ መለስኳት።

አሶሳ እንደገባን፣ ዛሬውኑ፣ ሄጄ በሯን አንኳኳለሁ። አስተምሪኝ እላታለሁ። ትሳቅብኝ። ሐሚድ ስቆብኝ አልሞት—

ዘሃራ ክላክስ ትነፋብኛለች። መጣሁ