ለሐጃ የማቀብለው ጸሎት

ካርቱም፣ ጀብራ
መስከረም 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዮርዳኖስ፣

እንዴት ከርመሻል? አዲሱ ዓመት እንዴት ገባላችሁ? አክስትሽ ሰብለስ ወገቧ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል ጽፌ ትንሽ አየሁት። ደህና ነኝ። ይቆይ፣ አልሰርዘውም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ሹፌሩ በላይነህ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ እዚህ ቤት ስልክ የማነሣው ሌላ ሰው ሆኜ ስለሆነ ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ «እማዬ፣ ድምፅሽን ምን ነካው?» ትዪኛለሽ።

ዘንድሮ አባይ ሞልቶ ብዙ ሰፈር ወስዷል። እኛ ጋ አልደረሰም። ሶባ በኩል ሰዉ አልጋውን አስፋልት ላይ አውጥቶ ይተኛል ይላሉ። ዳቦ ስሰለፍ አንዷ «ውሃችሁን ያዙልን እንጂ!» አለችኝ። እየሳቀች ነው። እኔም ሳቅሁ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው በኮሮና ስለተራዘመ እዚያ ልምጣ፣ ደላላው ፋሪሃ በሚል ስም ትገቢያለሽ፣ የሙስሊም ስም ካለሽ ጥሩ ቤት ይገኝልሻል አለኝ፣ ምን ልበለው? ብለሻል። መልሱን ልጽፍ ተቀምጬ ነው ስለ ጎርፍ የማወራው።

እኔንም ሀዋ ያለኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርሽ። ከባድ አልመሰለኝም። ሐይቅ ላይ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ነው ያደግሁት፤ ሰላምታውንም ጾሙንም አውቀዋለሁ። ስም እንደ ልብስ መሰለኝ፤ ማታ የሚወልቅ። እዚህ ግን የምተኛው ሐጃ ክፍል ውስጥ ነው። ማታም አላወለቅሁትም።

ሐጃ ሉጥፊያ የአሠሪዬ የነጂብ እናት ናቸው። በዘመናቸው አዋላጅ ነበሩ፤ የዚህን ሰፈር ግማሹን ሰው ተቀብለዋል። አሁን ሐሳባቸው ይበተናል። ምሳ በልተው ምሳ ይጠይቃሉ። የሞተ ባላቸውን «ዛሬ አመሸ» ይላሉ። ሰላታቸውን ግን አይተዉም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጀምራሉ፣ መሃል ላይ ቃሉ ይጠፋቸዋል። ያን ጊዜ ዓይናቸው ገበያ ላይ እናቱ የጠፋችበት ሕፃን ዓይን ይሆናል። እኔ ከጎናቸው ቆሜ የሚቀጥለውን ቃል አቀብላቸዋለሁ። ማጎንበሻው ሲደርስ ትከሻቸውን እነካለሁ። ሲያልቅም እንደዚያው።

ያስተማረችኝ ጎረቤት ቤት የምትሠራው የከሚሴዋ ዘሊካ ናት። ማን እንደሆንኩ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። መጀመሪያ እየሳቀች ነው ያስተማረችኝ። «አንቺዬ፣ ፋቲሃውን እንደ ቅዳሴ አታዚሚው! ጎረቤት ይሰማል!»

እንግዲህ ከአላህ ሌላ አምላክ የለም የሚለውን ምስክርነት፣ ሸሃዳውን፣ በየቀኑ እላለሁ። ከእኔ አፍ ወጥቶ ሐጃ ጆሮ ይገባል፤ እኔ ዘንድ አያድርም ብዬ አስባለሁ። ለሌላ ሰው ውሃ የሚያቀብል እጁ ይረጥባል? አንዳንዴ ይረጥባል።

የራሴን ጸሎት በልቤ ነው የምለው። አንዳንድ ቀን እጀምረውና መሃል ላይ ይጠፋኛል። የሚያቀብለኝ የለም።

በሐምሌ፣ ከሃይማኖቱ የወጣ ይገደል የሚለው ሕግ ተነሣ ተባለ። ነጂብ ከጁምዓ በኋላ ሕጉ ይመለስ ከሚሉት ሰልፈኞች ጋር ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ዮርዲ። ወባ ሲይዘኝ አቅፎ መኪና ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው። ፋርማሲ አለው፤ ለደሃ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከአንድ ሸይኽ ዘንድ መማር ጀመረ። ጢሙ ረዘመ። ቴሌቪዥኑ ከቤት ወጣ። ከእናቱ ጋር የሚሳሳቀው ቀረ። ሰልፍ የወጣ ዕለት ድምፁ ተዘግቶ ተመለሰ፤ ለጉሮሮው ሎሚ በማር አፈላሁለት።

በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚል ስምምነት ተፈረመ፤ አዲስ አበባ ላይ። ነጂብ ሬዲዮኑን ዘጋው። ዘሊካ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «እንኳን ደስ አለሽ! ለመስቀል ነጠላሽን ለብሰሽ ጀብራን ዙሪያት እንግዲህ» አለችኝ። «አንቺ ከፊት ከፊቴ እልል ካልሽ» አልኳት። እንዲህ ስንስቅ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሐጃን ለቀትሩ ሰላት ውዱእ ሳስደርጋቸው፣ እጅ እግራቸውን ሳጥብ፣ እግራቸው ተንሸራተተ። ጭንቅላታቸው ወደ ቧንቧው ሲሄድ አየሁ። «በስመ አብ!» ብዬ ጮህኩ። ያዝኳቸው። ምንም አልሆኑም። በአንድ እጄ አቅፌያቸው በሌላው እያማተብኩ መሆኔን ያወቅሁት ቀና ስል ነው። ነጂብ በሩ ላይ ቆሟል።

እናቱን ወንበራቸው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሀዋ።»

«ወላሂ በይ።»

ወላሂ ማለት አቃተኝ። «ትርንጎ» አልኩት። ስሜን ጮክ ተብሎ ካልሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። አንድ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

አልጮኸብኝም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «የእናቴ ሰላት» አለ። «ይህ ሁሉ ዘመን… የእናቴ ሰላት።» ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር። የፈራው ለእሳቸው ነው። እኔም ለእሳቸው ፈራሁ፤ ያበላሸሁባቸው ነገር ካለ ብዬ። ይህን ሳስብ ደግሞ ራሴን ታዘብኩት።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እኔ አሰግዳታለሁ አለ። ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። በተሳሳቱ ቁጥር ከመጀመሪያው ያስጀምራቸዋል። እንደገና። እንደገና። ሐጃ ማልቀስ ጀመሩ። «ይህ ሰውዬ ማነው? ሀዋን ጥሩልኝ!» አሉ።

ልጃቸው ነው።

ወጥ ቤት መጥቶ «ያላ፣ ነይ» አለኝ፤ ሳያየኝ። ገብቼ ቃሉን አቀበልኳቸው። እሱ ኋላችን ቆሞ የምስት እንደሆነ ያዳምጣል። አልሳትኩም።

ትናንት ከጁምዓ ሲመለስ ግን ቀለል ብሎት ነበር። ሸይኹን ጠይቋል። «ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ። «እሑድ ከአስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት በኋላ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። በፊታቸው ሸሃዳውን ትያለሽ። ሀዋ እንደሆንሽ ትቀሪያለሽ፣ ከእናቴም ጋር ትኖሪያለሽ።»

«ካላልኩስ?»

«የሸይኹ ልጆች ሰምተዋል። ሙስሊም ነኝ ብላ ያታለለች ሀበሺያ ብለው መስጊድ በር ላይ ቢያወሩ ላስቆማቸው አልችልም።»

«ሬዲዮው ግን ማንም አይገደድም ብሏል።»

«ሬዲዮው እዚህ ሰፈር አይኖርም» አለ። ሲለው ደስ ያለው አልመሰለኝም። ቀጥሎም ለስለስ ብሎ «በየቀኑ የምትዪው ቃል ነው። ምን ይከብድሻል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከትናንት ጀምሮ ይህንኑ ራሴን እጠይቃለሁ።

«ለእናትህ እላቸዋለሁ» አልኩት። «እስክሞት ድረስ እላቸዋለሁ።»

«እሑድ የምትዪው ለእናቴ አይደለም።»

«እኮ» አልኩት።

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

ዘሊካ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ንዴት ነው። «በግድ የተባለ ሸሃዳ ለእኔ ዲን ስድብ ነው! አባቴ ቢሰማ እነዚህን ሰዎች በከዘራ ነበር የሚያባርራቸው። ያላ፣ ተነሺ! ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ዘመዶቼ ጋ አደርስሻለሁ። እዚያ ረክሻ የሚነዳው ሁሉ ሀበሻ ነው፣ ማን አግኝቶሽ!»

«ሐጃን ማን ያሰግዳቸዋል?» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «ክርስቲያኗ ሰላት አይቋረጥ ትላለች፣ ሙስሊሟ ጥለሽ ሩጪ ትላለች። ወይ ጉድ!» እያለቀሰች ሳቀች።

ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በር ኋላ አስቀምጬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ፈታሁት፤ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ። ሦስቱንም አስቤያለሁ፤ መሄዱን፣ እንቢ ብሎ መቆየቱን፣ ቃሉን ብሎ መቆየቱን። ሳስባቸው የሌላ ሴት ጉዳይ ይመስሉኛል።

ለአንቺ የምሰጠው መልስ ግን ግልጽ ነው። ደላላውን ስሜ ዮርዳኖስ ነው በዪው። በዚህ ስም የሚያስገባሽ ከሌለ አትምጪ። ፈተናሽን ጠብቂ። የተዋስሽው ስም በመጀመሪያ ቤት ይሰጥሻል፣ አልጋ ይሰጥሻል፣ የምትወጂያቸው ሰዎችም ይሰጥሻል። ቆይቶ አንድ ቀን ሰው ይመጣና መስክሪበት ይልሻል። ያን ጊዜ የምታጪው አልጋውን ብቻ አይደለም።

ነጂብን አትጥዪው። ሕግ ተለወጠ ሲባል ለእኔ ብርሃን የመሰለኝ ነገር ለእሱ የቤቱ ጣራ ሲነሣ ሆኖ ታየው። ይህን የምጽፈው ለእሱ ላዝን ብዬ አይደለም። እንዲሁ ስለማየው ነው።

ማተቤን ከቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ተርትሬ አውጥቼ ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። ሲጠፋ ከማይ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ለአክስትሽ አታሳያት። ምነው ላከችው ብላ ትጠይቅሻለች።

በላይነህ መኪናውን እያሞቀ ነው አሉ። ሐጃም ከቀን እንቅልፋቸው ነቅተው «ሀዋ፣ ሀዋ» ይላሉ። ሰዓቱ ደርሷል፣ ላሰግዳቸው።

የፈጠረሽ አምላክ በገዛ ስምሽ ያውቅሽ። ወንዝ ሲሞላ ከዳር፣ ሰው ሲቆጣ ከመሃል ያውጣሽ። የሰብለን እጅ ሳሚልኝ።

ከእሑድ በኋላ ስትደውዪ በየትኛው ስም እንደምትጠሪኝ ገና አላወቅሁም። እናቴን አገናኙኝ በያቸው። በዚያ ስም ማንም መስክሪ አይልም።

እናትሽ