ዮፍታሄ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው

ጁን 8፣ 2014 — እሁድ

ሱቁ እንደ ሁልጊዜው ነው። ከቅዳሴ የተመለሰው ሁሉ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ፣ አሠሪዬ ሰርክ ሱቅ ገብቶ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የስልክ ካርድ... ሰርክ ከወሬው ጋር፣ እኔ ከሚዛኑ ጋር። ቲቪው ላይ የልጄ የዮፍታሄ የቤዝቦል ጨዋታ። ድምፁን ዘጋሁት፣ ዓይኔን ግን መዝጋት አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ዱላውን ይዞ ቆመ፣ ሦስቴም ኳሷን ሳይነካ ተመለሰ። ያ ኳስ ከስታዲየም ውጪ የሚልክ ልጅ!

ጸጋዬ፣ ታክሲ ነጂው፣ ሽሮውን ታቅፎ ቆሞ ያያል።

"እትዬ ሠናይት፣ ይሄ ልጅሽ አረጀ እኮ!"

"በሠላሳ አንድ ዓመቱ ማን ያረጃል? ያረጀስ ታክሲህ!"

ሱቁ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሽሮውን ከእጁ ነጥቄ መደርደሪያው ላይ መለስኩት፣ ሂድ ሌላ ቦታ ግዛ ብዬ። ሰርክ "ምን ሆነሻል ዛሬ?" አለች። ምንም አልኳት።

ምንም? ውሸታም። ያናደደኝ እኮ ልክ ስለሆነ ነው። ዮፍታሄ ሠላሳ አንድ አይደለም። ሠላሳ አራት ነው። ዓለም አያውቅም። እሱ ራሱም አያውቅም።

ጁን 10

እዚህ ካልጻፍኩት ለማን ልናገረው?

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኛ ካምፕ ነበርን። አባቱ እዛው አርፏል። የባሌ ወንድም ጋሼ መኩሪያ ቀድመው አሜሪካ ገብተው ስፖንሰር ሆኑን። ፎርሙን የሞሉት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤያቸው ዛሬም በቃሌ ነው። "ልጁን አምስት ዓመቱ ነው ብያለሁ። ስምንት ካልን ሦስተኛ ክፍል ይወረውሩታል፣ ቋንቋውን ሳይዝ ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል። አንቺም አምስት በይ።"

አልኩ። ረሃብ አቅጥኖት ስለነበር አምስትም ይበዛበት ነበር። ልደቱም እንደ ግማሹ ሐበሻ ጃንዋሪ አንድ ተባለ። ቤዝቦል የሚባል ነገር ማን አስቦ?

የትምህርት ቤት ምሳ ሲጀምር ተመዘዘ። በወረቀቱ አሥራ ሁለት ሲሞላው ጢም አቀመቀመ! የመታት ኳስ አጥር ዘላ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ሰው ሁሉ ጉድ አለ... በአሥራ ሁለት ዓመቱ ይሄ ጉልበት! አንዷ ፈረንጅ፣ የሌላ ልጅ እናት፣ ሜዳው ዳር መጥታ "የልደት ወረቀቱን አሳዪኝ" አለችኝ። ግሪን ካርዱን አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩላት። ዘረኛ ብያት ሄድኩ። ሳምንት ሙሉ ስናደድ ከረምኩ።

ልክ ነበረች እኮ።

መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ ረሳሁት። ቀጥሎ ትልቅ ቡድን አስፈረመው፣ ፈርስት ቤዝ የሚሉት ቦታ ላይ አቆመው፣ ስሙን በቲቪ ጠሩት... ከዛ በኋላማ ማን አፉን ይከፍታል?

ጁን 21 — ቅዳሜ

ደወለ። ወደ ታችኛው ሊግ አውርደውታል። ቦታው ላይ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ አቁመዋል።

"ማሚ፣ ዳሌዬን ኤም አር አይ አነሱት። ዶክተሩ ምን አለኝ መሰለሽ? የሽማግሌ ዳሌ ነው አለኝ!"

ሳቀ። እኔ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

ኦፕሬሽን ሊያደርግ ነው። ጁላይ 22፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ። አጥንቱን ይሞርዱታል፣ ከዛ ስምንት ወር ሕክምና፣ ከዛ ተመልሶ መጫወት። "ገና ሠላሳ አንድ ነኝ ማሚ። አምስት ዓመት ይቀረኛል። ችግሩ እኔ ነኝ፣ ሰንፌያለሁ። አሁን በቀን አራት መቶ ጊዜ ዱላ እየወዘወዝኩ ነው።"

አራት መቶ! በዛ ዳሌ! ሰንፌያለሁ ይላል። ይሄ ልጅ ስንፍናን የት ያውቃታል? ማንን ልምታ? ማንን?

ጁን 22 — እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ከነነጠላዬ ባልድዊን ሂልስ፣ ጋሼ መኩሪያ ቤት። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የዮፍታሄ ፎቶ፣ ከሥሩ የፈረመበት ዱላ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "እኔ ነኝ ያመጣሁት" ይላሉ።

"ልነግረው ነው" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"ዕድሜውን።"

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። "ሠናይት፣ አበድሽ? ሲቲዘንሺፕ ያስነጥቃል ይሄ። ፎርሙ ላይ ያለው የማን ፊርማ ነው? የኔ! በሰባ አምስት ዓመቴ ፍርድ ቤት ልታቆሚኝ ነው?"

"አጥንቱን ሊሞርዱት ነው እኮ!"

"ይሞረድ። ወጣት ነው፣ ይድናል።"

"ወጣት አይደለም! ወጣት ያደረጉት እርስዎ ነዎት!"

"ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ብለሽ ኖረሽ የለም? ኑሪ።"

"አንቱ ፈሪ!" አልኳቸው። በሩን ወርውሬው ወጣሁ። አሁን ሳስበው... ስሳደብ እንኳ በአንቱ! ይሄም ንዴት ተብሎ?

ጁን 23

አሁንም ንድድ እንዳለኝ ነው። ሰርክ "ዛሬ ከደንበኛ ጋር አትነጋገሪ፣ በርበሬውን ብቻ መዝኚ" አለችኝ።

ጁላይ 12 — ቅዳሜ

መጣ። ከሱቅ ሊወስደኝ። ያነክሳል፣ "ኖ ማሚ፣ ምንም አይደለም" ይላል። መኪናው ውስጥ ስለ ኦፕሬሽኑ ያወራል፣ ያወራል... ፌርፋክስና ኦሊምፒክ መገናኛው ላይ ቀይ በራ። ዛሬ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም።

"ዮፍታሄ፣ ሠላሳ አራት ዓመትህ ነው።"

"ዋት?"

ነገርኩት። ካምፑን፣ ደብዳቤውን፣ አምስት ማለቴን። አረንጓዴ በራ፣ አልነዳም። ከኋላ ጡሩምባው ቀለጠ። መጨረሻ ላይ ጥጉን ይዞ ፓርክ አደረገ።

"ኤርፖርት ላይ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሰውየው ስንት ዓመትህ ነው ሲለኝ ስምንት ጣት አወጣሁ። አንቺ ክንዴን ቆነጠጥሽኝ። ለዛ ነው?"

እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ይዞት ኖሯል።

"ሶ... ልጅ ሆኜ ሳሸንፍ የነበረው ከኔ ሦስት ዓመት የሚያንሱ ልጆችን ነው። ሶ ጎበዝ አልነበርኩም። ትልቅ ነበርኩ፣ በቃ።"

"አትቀባጥር! ከዛ በኋላስ? አሥራ ሦስት ዓመት ከትልልቅ ወንዶች ጋር የተጫወተው ማን ነው?"

"ማሚ፣ ውረጂ።"

"ምን አልክ?"

"ፕሊስ። ውረጂልኝ።"

ወረድኩ። እናቱን! ፌርፋክስ መሀል! ይበለኝ... አይ፣ ለምን ይበለኝ? አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ እሱንም ራሴንም ስረግም ኢንግልዉድ ቤቴ ደረስኩ።

ጁላይ 15

አልደወለም።

ጁላይ 17

አልደወለም። እኔም አልደውልም። (ሁለቴ ደወልኩ። አላነሳም።)

ጁላይ 23 — ረቡዕ

ኦፕሬሽኑ ትናንት ነበር። ሆስፒታል ደወልኩ፣ በዚህ ስም የተኛ ሰው የለም አሉኝ። አልተኛም! እልል ልበል ወይስ ልደንግጥ? ቀጥ ብዬ ሳንታ ሞኒካ ቤቱ ሄድኩ። ከፈተልኝ። አልሳመኝም።

"ምግብ ይዤልሃለሁ።"

"አልበላም።"

"አትብላ። እኔ ግን እገባለሁ።"

ለዶክተሩ ነግሮታል። ዶክተሩ ምን አለ? ይህ ሕክምና ገና ብዙ ዓመት ለሚጫወት ሰው ነው፣ ለመራመድ ብቻ ከሆነ እንቅስቃሴ ይበቃሃል፣ አጥንትህን አትንካ።

ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቷል። በያንዳንዱ ዓመት ስንት ሆም ራን፣ አጥር የምትዘል ኳስ፣ እንደመታ፣ ከጎኑ ዕድሜው። የዱሮውን ዕድሜ ሰርዞ እውነተኛውን በቀይ ጽፎበታል። ስንት ቀን እንደሠራው እንጃ።

"ያለፈው ዓመት ሃያ ዘጠኝ መታሁ" አለ፣ ወረቀቱን እንጂ እኔን ሳያይ። "በሠላሳ ሦስት ዓመቴ። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ሃያ ዘጠኝ የሚመታ ስንት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ?"

"የት አውቄ።"

"ብዙ የለም።"

ፈገግ ሊል ነበር፣ መቆጣቱን አስታወሰና ተወው። ይቆጣ። መብቱ ነው።

"አቆማለሁ ማሚ። ግን በሠላሳ አንድ ዓመቱ ደክሞት ተወው እንዲሉኝ አልፈልግም። በሠላሳ አራት ዓመቱ ነው ያቆመው ይበሉ። እስከ ሠላሳ አራት ድረስ መምታቴ ነው የኔ ሥራ። ወረቀቱ ይስተካከል።"

"ሲቲዘንሺፕህስ?"

"ሎየር አናገርኩ። ሕፃን ነበርክ፣ ብዙም አያሰጋህም አለችኝ። የሚያሰጋው ዕድሜውን የሰጠውን ሰው ነው።"

ምግቡን ስወጣ ከፈተው። ሽታው ኮሪደር ድረስ ተከተለኝ።

ኦገስት 5 — ማክሰኞ

ጠዋት፣ ሎየር ጋ እንደምንሄድ ሰምተው፣ ጋሼ መኩሪያ ደወሉ። "ስሜን እንዳትጠሪ። እግዜርን ከፈራሽ ስሜን እንዳትጠሪ።" ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

ከዛ ሎየሯ ቢሮ። ልጅ እግር ናት። ያነበበችውን ዮፍታሄ ወደ አማርኛ እየመለሰልኝ ቀጠልን። የተወለደበትን ቀን ነገርኳት... ታኅሣሥ 19፣ 1972፣ የገብርኤል ዕለት። ኮምፒውተሯ ላይ ነካ ነካ አድርጋ ዲሴምበር 29፣ 1979 አለችው። ዮፍታሄ ቀኑን ሁለቴ አስደገማት።

ከዛ ብዕሯን ያዘች። "ትክክል ያልሆነውን ዕድሜ የሰጠው ማን ነው?"

ዮፍታሄ አየኝ። የጋሼ መኩሪያ ስም ምላሴ ላይ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እዛው ነው የከረመው። የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ እውነት ነው። ካምፕ ውስጥ ሲጠይቁኝ አምስት ያልኩትስ? ልጁን የቆነጠጥኩትስ? ሜዳ ላይ አሥራ ሁለት ነው ብዬ የጮህኩትስ? ትልቅ ሰው ሲሆን፣ ቁጭ አድርጌ መንገር ስችል፣ ዝም ያልኩትስ?

"እኔ" አልኩ። "እናቱ ብለሽ ጻፊው።"

ምን ይመጣብኛል ብዬ ጠየቅኋት። ምንም ላይመጣ ይችላል፣ ሊመጣም ይችላል አለች። ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ! ፈረምኩ።

ነገ ማቆሙን ለቡድኑ ያሳውቃል። በገዛ ዕድሜው።

መኪና ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁጭ አለ።

"ጋሼ መኩሪያን ትጠሪያለሽ ብዬ ነበር" አለኝ። "ንዴቱ ወጣልሽ ማለት ነው?"

"ማን ወጣልኝ አለህ? ባልድዊን ሂልስ ንዳ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ስማቸውን እንዳልጠራሁ ልነግራቸው። ከዛ እሰድባቸዋለሁ።"