ጦይባን ዝም ያሰኘ ትምህርት

እሑድ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 10 ሰ.

ደብተሬ፣ ሌላውን ከመጻፌ በፊት ይህን ያዝልኝ። ጦይባ እንግሊዝኛ የምትማረው ለወረቀት አይደለም። ኮምቦልቻ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ መስፊያ ማሽን ላይ ናት። የስፌት መስመሩ አለቃ ከሆነች ፈረቃዋ ሁልጊዜ የቀን ይሆናል። የቀን ከሆነ ሐርቡ ከተማ እናቷ ዘንድ የተወቻትን የሦስት ዓመት ልጇን አምጥታ አብራት ትኖራለች። አሁን ልጅቷ አያቷን "እማ" ትላለች፤ ጦይባን በስሟ ትጠራለች። አለቃ ለመሆን ደግሞ ከውጭ አገሩ መሐንዲስ ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገር አለባት። ፈተናው ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ነገሩ ይኸው ነው።

ዛሬ መጣች። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ በስስ ሻርፕ፣ የደሴ ብርድ ተቀበላት። አሥረኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ ዛሬም "ቲቸር" ነው የምትለኝ። ስለ ሥራዋ በእንግ. ንገሪኝ አልኋት። ለቀቀችው። "ማሽን ሲክ፣ ክር ፊኒሽ፣ አይ ጎ ሚስተር የስተርደይ፣ ሚስተር ከም፣ ላፍ!" የጎደለውን በእጇ፣ በትከሻዋ፣ በሳቋ እየሞላች። መሐንዲሱ ሁሉንም ይረዳታል አለች። ለአለቃነት የታጨችውም በዚሁ ነው። እሷ ግን ያፍረኛል፣ ያስተካክሉልኝ ብላ ነው የመጣችው።

ማስተካከል አውቃለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት እሱን ነው። ሕጌ አንድ ነው፤ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ግሱ ካልቀና ቀጣዩ አይነገርም። በአንድ ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስን። እንከን የለሽ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 11 ሰ.

ከጠዋት ፈረቃ ወጥታ መጣች። ስልሳ ግስ በሦስት ዓምድ ጽፌ ሰጠኋት። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ሲ፣ ሶው፣ ሲን። በቃሏ ታውቃቸዋለች! ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ አንዱንም አልረሳች። የምርጫ ጥያቄ ጨመርሁላት፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አንድም አልሳተች። ኮራሁ።

ተናገሪ ስላት ግን ግሱ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ፊቴን ታያለች። ልክ መሆኑን ከፊቴ ላይ ልታነብ። ጥንቃቄ ነው ብዬ ወደድሁት።

ባለቤቴ ዘሀራ ጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። ጦይባ ከሄደች በኋላ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ ስትመጣ እንደ ወፍ ነበረች። ምን አጎረስካት?" አለችኝ። ሰዋስው፣ አልኋት። "አላህ ያውጣት" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከረፋዱ 5 ሰ.

ደመናው የጦሳን ተራራ ሸፍኖታል። ቤቱ ጨልሟል፤ መብራት የለም። ጦይባ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ትናንት ምን ሠራሽ? ብዬ በእንግ. ጠየቅኋት። ቀላል ጥያቄ። ዝም። ጣቶቿን ሻርፗ ስር ታንቀሳቅሳለች። ዓምዶቹን እየቆጠረች ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ። በመጨረሻ በአማርኛ፦ "ቲቸር፣ የትኛው ነው የሚባለው?"

ከዚያ ነገረችኝ። ዓርብ ማሽኗ ቆመ። መሐንዲሱ መጥቶ ምን ሆነ አላት። ወትሮ ሮጣ የምትጠራው እሷ ናት። መልሱን ስትመርጥ፣ ስትመርጥ፣ ሰውየው የተቆጣች መስሎት ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ጓደኞቿም፣ ምነው፣ ቲቸርሽ ምላስሽን ተቀበለሽ እንዴ? እያሉ ይቀልዱባታል። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ደነገጥሁ። እንግዲያውስ አላርምሽም፣ እንደመጣልሽ አውሪ አልኋት። ጀመረች። ከንፈሬን ነከስሁ። ሁለት ቃል ተናግራ ቆመች። ምነው? "ጣትዎ፣ ቲቸር።" ጣቴ ጠረጴዛውን እየመታ ነው። አላወቅሁም። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ያደርጉ ነበር አለችኝ። "'ኳኳታ' ነበር የምንልዎት፤ አውፍ ይበሉኝ።"

በአንድ ክፍል ሰማንያ፣ ዘጠና ልጅ። ያን ድምፅ ላለመስማት ስንቱ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ ይሆን? እኔ ዝምታቸውን ጨዋነት እለው ነበር። የክ/ጊዜው መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለ? እላለሁ። የለም። ገብቷቸዋል ብዬ እወጣለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ከቀኑ 11፡30

ነገ ነው። ሁለት እጄን ከጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥሁ። እንደ ሕፃን። የድሮውን አውሪ፣ ያን "ማሽን ሲክ" ያልሽውን አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። "የድሮው ጠፋብኝ፣ ቲቸር። ስህተት መሆኑን አሁን አውቀዋለሁ፤ ወላሂ ያሳፍረኛል። ትክክሉን ደግሞ ቶሎ አላገኘውም።"

ለዚህ የሚሆን መልመጃ የለኝም። መጻሕፍቴን በሙሉ አውርጄ አየሁ። የለም። የሰጠኋትን መልሼ ልወስድባት አልችልም። ዘሀራ ዱዓ አደረገችላት፤ "አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ" አለቻት። ከሁለታችን የሚረባ ነገር የሰጠቻት እሷ ናት። ነገ አብሬሽ ልሂድ አልሁ። እሺ አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ከቀኑ 9 ሰ.፣ ኮምቦልቻ፣ ሻይ ቤት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ መሐንዲሱ ወጣ። ወጣት ነው፤ ትሑት። ጦይባ ቲቸሬ ናቸው ብላ አስተዋወቀችኝ። እጄን ጨብጦ በእንግ. ጠየቀኝ፤ ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል? ጥያቄው ገባኝ። መልሱንም አውቀዋለሁ። የግሱ ጊዜ የትኛው እንደሆነ ሳይቀር። ልናገር ስል ሌላ ቅርጽ መጣብኝ። መረጥሁ፣ ተውሁት፣ እንደገና መረጥሁ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። "የስ" አልሁ። የስ! አመስግኖ ገባ።

እውነቱን ልጻፈው። ሠላሳ አራት ዓመት እንግ. ሳስተምር በእንግ. ከሰው ጋር አውርቼ አላውቅም። አነበብሁ፣ ጻፍሁ፣ አረምሁ። ጦይባ አየችኝ።

እኔ ውጭ ጠበቅሁ። ስትወጣ ነው የነገረችኝ። የተበላሸ ሸሚዝ ሰጥተው፣ ጥፋቱ ምን እንደሆነ አስረጂ አሏት። ከእሷ በፊት አብራት የምትወዳደር አንዲት የኩታበር ልጅ እንደመጣላት ተናገረች፤ ስህተት በስህተት፤ ሁሉም ተረዳት። ጦይባ ሸሚዙን ይዛ ቆመች። ስፌቱ የት እንደሳተ በጣቷ አሳየች። ቃል የለም። መሐንዲሱ የጦይባን ሥራ ይወዳል፤ ስለዚህ ሁለቱንም የፊታችን ሐሙስ እንደገና አያለሁ ብሏል። ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል የለም።

ለልጇ፣ ረመዳንን እኔና አንቺ አብረን እናፈጥራለን ብላታለች። ይህን ነግራኝ ወደ ፈረቃዋ ተመለሰች። አብሽሪ ማለት ነበረብኝ። እሱንም ሳልል ቀረሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 21። ከቀኑ 10 ሰ.

አልመጣችም። ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ነኝ። ስደውል አታነሳም። ዘሀራ በራሷ ስልክ ደወለች፤ አነሳች። ደህና ነኝ፣ ቲቸርን አልተቀየምሁም፣ አፌ ነው እምቢ ያለኝ አለች።

አዲስ የትምህርት ዕቅድ ላወጣ ተቀመጥሁ። ዓላማ። ይዘት። የክ/ጊዜ ብዛት። ዓላማ የሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ቀደድሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ከቀኑ 8 ሰ.

ወስኛለሁ። ይህን ማስተማር አልችልም። መሳሳት ግን እችል ይሆናል፤ ሰው ፊት ሞክሬው አላውቅም። መልእክቱን እዚህ አርቅቄ ወደ ስልኬ እገለብጠዋለሁ። ሳላስተካክል።

ልጄ ጦይባ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ወደ ደሴ አትውጪ። ረቡዕ ከፈረቃ ስትወጪ እኔ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። መጽሐፍ አልይዝም። የዚያን ቀን ጠያቂዋ አንቺ ነሽ። በእንግሊዝኛ ጠይቂኝ፤ እኔ እንደመጣልኝ እመልሳለሁ። እሳሳታለሁ፤ ብዙ እሳሳታለሁ፤ መሳቅ ተፈቅዷል። ሲበቃሽ እኔ እጠይቃለሁ። ይጠቅምሽ እንደሆነ አላውቅም። ላንቺ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው። ሐሙስ ደርሷል። ልምጣ ወይስ ልቅር? እባክሽ ዛሬ ከመግሪብ በፊት በአንድ ቃል መልሺልኝ።