አዲጋላ ላይ የጠፋብኝ ስም

ሚያዝያ 18፣ ሰኞ፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ቧንቧውን ዛሬም ክፍት ትቼው ወጣሁ። ውሃ በቀን ሁለት ሰዓት ብትመጣ ነው፤ ያቺኑም ለጓሮው አጠጣኋት። አስካለ ስትመለስ ጓሮው ሐይቅ ሆኗል። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጀሪካኑን ዘቅዝቃ አሳየችኝና ገባች።

ለሚስቴ ለአስካለ ስለማልነግራት ለአንተ ለደብተሬ እናዘዛለሁ። መነጽሬ ስኳር ዕቃ ውስጥ ተገኘ። ሻዬ ላይ ጨው ጨመርኩ፤ ላለመጋለጥ ጠጣሁት። ቅዳሜ ግን የባሰው መጣ። ከሰፈሬ ከከዚራ ወጥቼ ደቻቱ ድልድይ መሐል ላይ ቆምኩ። ወደ መጋላ ገበያ እየሄድኩ ነው ወይስ ከመጋላ እየተመለስኩ? ዘንቢሉን አየሁ፤ ባዶ። እንግዲያው እየሄድኩ ነው። ምን ልገዛ? እሱን ዘንቢሉም አያውቅም። ከታች ደረቁ አሸዋ ላይ ፍየሎች ይሄዳሉ፤ እነሱ እንኳ የሚሄዱበትን ያውቃሉ። ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ትዝ አለኝ፤ ነጭ ጋዝ ነበር።

ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንዱን ባቡር ላይ ቲኬት ስቆጣጠር ኖሬአለሁ። የስንት ሺህ ሰው ፊት በዚህ ጭንቅላት አለፈ! አሁን ነጭ ጋዝ ጠፋበት።

ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሐ. መጣች። የመጋላ ነጋዴ ናት፤ ጨርቅና ሽቶ ከድንበር ማዶ በባቡር ታመጣለች። ከሥራ ዘመኔ ጀምሮ እንተዋወቃለን። ሙሉ ስሟን አልጽፍም።

ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። ሰኞ ግንቦት 2 ትሄዳለች፤ የመጨረሻ ጉዞዋ ነው። ከዚያ መልካ ጀብዱ ልጇ ዘንድ ገብታ ልትቀመጥ። አስካለ ሻይ ልታመጣ ስትነሣ ሐ. ጠጋ አለችኝ። «አያ፣ ለልጅህ ቃል ካለህ ስጠኝ። የሚያገኘውንም ሰውዬ ስም ንገረኝ። ወላሂ፣ ከእኔ በኋላ ማን ይሄድልሃል?»

ሐሙስ ሳምንት ነይ አልኳት። ስምንት ቀን የጠየቅሁት ለምን እንደሆነ አላወቀችም። እነግርሃለሁ፤ ግን ዛሬ አይደለም። አስካለ እየመጣች ነው፤ ወደ ፉርሽካው ጆንያ ትገባለህ።

ሚያዝያ 21፣ ሐሙስ፣ ማለዳ

ት. የመጨረሻ ልጄ ነው። አራት ዓመት ሆነው። አንድ ጠዋት ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣና ቀረ። ቀበሌ «ኮበለለ» ብሎ መዘገበው። ቤታችን ሁለት ጊዜ ተፈተሸ። ፍራሹ ተቀደደ፣ የትምህርት ቤት ደብተሩ ሳይቀር ተወሰደ። ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የማላውቀው ሰው መጋላ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ቃል አቀበለኝ። ት. ማዶ ነው፤ ደህና ነው። የፈለግሁ ቀን በአንድ ሰው በኩል አገኘዋለሁ። የዚያን ሰው ሰፈር፣ ስም፣ ሥራና መተዋወቂያ ምልክት የምትሆነውን ቃል ነገረኝ፤ ሁለቴ አስደገመኝ። አይጻፍ። ለእማዬም አይነገር፤ ፊቷ ላይ ይነበባል። መልእክተኛውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

አልጻፍኩም። መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። በሥራ ዘመኔ ሰው ሁሉ የቃል አደራ ይሰጠኛል፤ ለአይሻው ባለ ሱቅ ይህን በልልኝ፣ ለደወሌው ዘበኛ ያን። እያንዳንዱን ቃል በየጣቢያው ላይ አንጠለጥለዋለሁ፤ ባቡሩ ሲቆም ቃሉ ራሱ ይወርዳል። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። የልጄንም አደራ እንደዚያው አደረግሁ። ሽኒሌ ላይ ሰፈሩን፣ አዲጋላ ላይ ስሙን፣ አይሻ ላይ ሥራውን፣ ደወሌ ላይ ምልክቷን።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ፈራሁ። ልጄ ማዶ እንዳለ ለሐ. ብቻ ሹክ አልኳት፤ ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት።

ትናንት ሐ. ስትጠይቀኝ በልቤ ጣቢያዎቹን ጠራሁ። ሽኒሌ አለ። አይሻ አለ። ደወሌ አለ። አዲጋላ ባዶ ነው።

ሚያዝያ 24፣ እሑድ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል

የቀበሌ ስብሰባ። መፈክር ሲባል የሚነሣው ግራ እጅ ነው፤ እኔ ቀኙን አነሣሁ። ሊቀ መንበሩ አፈጠጠብኝ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ክንዴን ጎትቶ አወረደልኝ። ጃጅቷል ብለው ሳቁና አለፈ። እርጅናም ለአንድ ቀን ጠቀመኝ።

እነሱ መሬቱን ሲያወሩ እኔ አዲጋላ ነበርኩ። ጣቢያው ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ጥላው፣ የውሃው ጋን፣ ወተት የሚሸጡት ሴቶች። የሠላሳ ዓመቱ አደራ ሁሉ ይመጣልኛል። አንዲት ሙሽራ ለእናቷ የላከችው ሰላምታ። ለአንድ ሽማግሌ የዓይን መድኃኒት፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ጠብታ። ጠብታው እንኳ አልጠፋኝም! የልጄ ብቻ የለም።

አሁን እተኛለሁ። በዚህ ሙቀት ድሬ ሙሉዋን ትተኛለች። አስካለ ግን መተኛት ትታለች። ስነቃ ሁልጊዜ ራስጌዬ ነች፣ ማራገቢያውን ይዛ። ምነው ስላት፣ ዝንብ እያባረርኩልህ ነው ትላለች። ልጅ አድርጋኛለች።

ሚያዝያ 26፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ሙቀቱ ገባ፤ አልጋ ወደ ደጅ ማውጣት ጀመርን። አስካለ ዛሬም ሦስት አልጋ አወጣች። የእኔን፣ የእሷን፣ የት.ን። የእሱን ጠፍር በእጇ ጫን ጫን አድርጋ ትሞክረዋለች፣ የላላ እንዳለ። በአራት ዓመት ማንም ያልተኛበት አልጋ በምን ይላላል?

ምንም አላልኳትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላልኳትም። ልጇ ይኑር አይኑር ሳታውቅ በየማታው አልጋ ታነጥፋለች፤ እኔ እያወቅሁ አያታለሁ። አንዳንዴ ልነግራት እቃረባለሁ። ጀሪካን አንሥቼ ወደ ቧንቧው እሄዳለሁ።

ናፈቀኝ። ዛሬ ዝም ብሎ ናፈቀኝ። ሲራመድ ጫማውን መጎተቱ፣ እኔን ሲጠራ «አባ» ብሎ ሁለተኛዋን ፊደል ማስረዘሙ። ድምፁን ልሰማው ሞከርኩ፤ መጣ፣ ግን ከሩቅ። ፈራሁ። ዛሬ የሰውየው ስም ጠፋ፤ ነገ የልጄ ድምፅ ቢጠፋስ? ከነገ ወዲያ ፊቱ? ልጅ ነበረኝ ወይ ብዬ አስካለን የምጠይቅበት ቀን ቢመጣስ?

ሚያዝያ 28፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 10

ስሙ መጣ!

ሐ. በር ላይ ቆማ «አያ፣ በል እንጂ፤ ሰኞ ባቡሩ አይጠብቀኝም» ስትል ከአፌ ዘለለ። በጆሮዋ ነገርኳት። ሰፈሩንም፣ ሥራውንም፣ ምልክቷንም። ሁለቴ አስደገምኳት። ለት. ደህና ነን በይው አልኩ። የሁለት ዓመት ቃል አከማችቼ ደህና ነን ብቻ።

ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ነጭ ጋዝም ገዝቼ መጣሁ። በራሴ።

ሚያዝያ 29፣ ዓርብ፣ ረፋድ 3 ሰዓት

ወይኔ። ወይኔ ጉዴ።

ፊቴን ስታጠብ ነው የመጣልኝ። ሮብሌ አልኳት። ስህተት ስለሆነ ልጽፈው እችላለሁ፤ ሮብሌ። ሮብሌ የዓይኑ መድኃኒት ባለቤት ነው፤ አዲጋላ፣ ባለ ግመሉ ሽማግሌ። ጣቢያው ትክክል፣ ቃሉ ትክክል፣ ዘመኑ ሌላ። ሰውየው ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ያቺ ሴት በማይሆን ጉልበቷ ማዶ ሄዳ የሞተ ሰው ልትፈልግ ነው። በባዕድ አገር ስም እየጠራች ስትዞር ምን ይሏታል? ልጄስ? አባቴ ረሳኝ ይላል። እውነቱን ነው።

ሚያዝያ 30፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9

መጋላ ሄድኩ። ዛሬ ድልድዩ ላይ አልቆምኩም፤ ድልድዩን መሻገሬንም አላስታውስም። የሐ. ቤት ዝግ ነው። ጎረቤቷ ከደጇ ሳትነሣ መለሰችልኝ፤ ዕቃዋን ልጇ ዘንድ ልታደርስ መልካ ጀብዱ ሄዳለች፣ ሰኞ ጠዋት በቀጥታ ባቡር ጣቢያ ነው የምትመጣው። «አቦ፣ ምነው ላብ አጠመቀህ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አለችኝ። ጠጣሁ። አመስግኜ ይሁን ሳላመሰግን እንጃ።

ስመለስ ጣቢያዎቹን ጮክ ብዬ ጠራሁ፤ መንገድ ላይ፣ እንደ እብድ። ሽኒሌ፣ አይሻ፣ ደወሌ። አዲጋላን ራሷን ዘለልኳት። ስሙ ብቻ መስሎኝ ነበር የጠፋው፤ ጣቢያው ራሱ እየጠፋ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሐ.ን አገኛታለሁ። አግኝቼ ምን ልበላት? ሮብሌ አይደለም ልላት እችላለሁ። ማን ነው ስትለኝስ?

ግንቦት 1፣ እሑድ፣ ከሰዓት 10



ቀትር ላይ አልተኛሁም። አስካለ ማራገቢያዋን ይዛ መጣች። ተቀመጪ አልኳት። ነገርኳት። ሁሉንም፤ ልጃችን በሕይወት እንዳለ፣ ቃል እንደላከ፣ ሁለት ዓመት እንደደበቅኋት፣ የሰውየው ስም እንደጠፋኝ፣ የሞተ ሰው ስም እንደሰጠሁ። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት፤ አላፍርም። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ትመታኛለች ብዬም ጠበቅሁ፣ ብትመታኝ ደስ ባለኝ።

ማራገቢያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በሩን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ሽኒሌ አለችና ሰፈሩን ተናገረች። አዲጋላ አለችና ስሙን ተናገረች። አይሻ፣ ደወሌ። አንዲት ሳትስት፣ በእኔው ቅደም ተከተል፣ በእኔው አጠራር።

ቃሉ የመጣ ሰሞን ወባ ይዞኝ ነበር። በትኩሳት ስቃዥ ጣቢያ ስጠራ ሰምታለች። መጀመሪያ የሥራ ቅዠት መሰላት። የት. ስም ሲከተል ገባት። ከዳንኩ በኋላም ቀትር ላይ እንቅልፍ ሲወስደኝ እጠራለሁ፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው መተኛት የተወችው። ዝንብ አልነበረም።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እኔ! እኔ እሷን ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። የመለሰችልኝን እንዳለ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ፦ «ብነግርህ በእንቅልፍህም ትጠነቀቅ ነበር። ያን ጊዜ እኔ ልጄን በምን እሰማዋለሁ?»

ካለፈው ወር ወዲህ አዲጋላ ስደርስ ስሙን መጥራት እንደተውኩም ታውቃለች። ከእኔ በፊት አውቃለች። እስክነግራት ስትጠብቅ ነበር።

ግንቦት 2፣ ሰኞ፣ ቀትር

ሁለታችንም ጣቢያ ሄድን። አስካለ ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች። ሐ. ከነጓዟ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እኔ ሮብሌን እርሺው ብቻ አልኳት፤ የቀረውን ለአስካለ ተውኩላት። በጆሮዋ ነገረቻት፤ ሐ. እየነቀነቀች ደገመች። ከዚያ አስካለ የራሷን ቃል ጨመረች፤ ይህን እኔም ሰማሁት። «አልጋህን በየማታው አወጣለሁ በይልኝ።» ሐ. ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ «ኢንሻላህ፣ እንዳልሽው እለዋለሁ» አለች።

ባቡሩ ሲሄድ ቆመን አየነው። የመጨረሻው ፉርጎ በሽኒሌ በኩል እስኪሰወር። ተሳፍሬበት ብሄድ ብዬ ተመኘሁ፣ አላፍርም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ወሰንን። አደራው ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው። እኔ ነጭ ጋዝ ልርሳ፣ ቧንቧ ልርሳ፣ ፊቴንም ልርሳ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ ቀትር ቀትር እኔ ስጋደም እሷ ጣቢያዎቹን ትጥራልኝ፣ ልጄን እኔም ከእሷ አፍ እንድሰማው። እሺ አለች።

ይኸው ማራገቢያዋን ይዛ መጣች። ደብተሩን አስቀምጥና ተጋደም ትለኛለች። ደብተሩን ታውቀው ኖሯል፤ ፉርሽካው ውስጥ። ምን የማታውቀው አለ?

ጀመረች። ሽኒሌ አለች። አሁን አዲጋላ