እናትህ የጠበቁት ልጅ

ታዴ ሆዴ፣

ትተኸኝ ከሄድክ አምስት ወር ሊሞላ ነው። ቀበና ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። አጥሩ በክረምቱ ዝናብ ተደርምሶ ጎረቤቶች ተባብረው አቆሙት። አልጋችን ላይ ያንተ ጎን ግን የእናትህ ሆኖ ነበር። እማማ «ብቻዋን አታድርም» ብለው ከእኔ ጋር ይተኙ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ሌላ ለማን እነግራለሁ?

የጀመረው በተዝካርህ ዕለት ነው። የወጡ ሽታ አጥወለወለኝና ጓሮ ወጥቼ አስመለሰኝ። እማማ ተከትለውኝ ኖሯል። የወር አበባሽ መቼ መጣ አሉኝ። አንተ ካረፍክ ወዲህ ቀርቶብኝ ነበርና እውነቱን ነገርኳቸው። እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው፣ «ልጄ ባዶ እጄን አላስቀረኝም!» አሉ። አርባ ቀን ሙሉ እህል አልቀምስ ያሉት እናትህ ያን ቀን በሉ።

እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር። በማግስቱ ሾላ ያለው የምሠራበት ክሊኒክ ላቦራቶሪ ስገባ ከማንም ሰው በፊት የራሴን የጠዋት ሽንት መረመርኩ። ስንት ዓመት አብረን እንደጠበቅን ታውቃለህ። ቀኑ ባለፈብኝ ቁጥር አብረኸኝ መጥተህ የላቦራቶሪው በር ላይ ትቆማለህ። ሁለት መስመር ካወጣ አርግዣለሁ፤ አንድ ብቻ ከሆነ የለም። አንዷን ይዤ ስወጣ፣ «በማስመሪያ እንኳ እንዲህ ቀጥ አይልም!» ብለህ ታስቀኛለህ። ያን ጠዋትም የወጣችው አንዷ ናት። የሚያስቀኝ ግን አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ደገምኩት፣ በደምም አየሁት። የለም። ሐኪሟ ሐዘንም የወር አበባ ያስቀራል አለችኝ።

ልነግራቸው ብዬ ቤት ገባሁ። እማማ እንጦጦ ወጥተው፣ ለማርያም ተስለው፣ ጸበል ይዘው ጠበቁኝ። ጠጪ አሉኝ፤ ጠጣሁ። በዚያች አንድ ጉንጭ ታሰርኩ፣ ታዴ።

ከዚያ መውጫው ጠፋኝ። ታክሲ ስሳፈር ሰው እንዳይጋፋኝ እስከ ፌርማታው ይሸኙኝ ጀመር። የሰፈሩ ሴቶች መንገድ ላይ አቁመው ሆዴን ያያሉ። አልገፋ ሲል «የመጀመሪያ ነው፣ አይታይም» ይሉኛል። እናቴ አያት ሰፈር ያለው ቤቷ ወስዳ ልታሳርፈኝ ብትመጣ፣ «የልጄን ልጅ የት ልትወስጂብኝ ነው?» ብለው መለሷት። የወር አበባዬ ሲመለስ ሞዴሴን ክሊኒክ ደብቄ፣ ወገቤን እያመመኝ እየሳቅሁ ቤት ገባሁ። ስንተኛ እጃቸው ሆዴ ላይ ነው፤ መገላበጥ እንኳ ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ለእርግዝና ምርመራ መጣች። ውጤቷ ኔጌቲቭ ነበር። የላቦራቶሪውን መስኮት ይዛ፣ «እህቴ፣ በእግዚአብሔር፣ ፖዘቲቭ ብለሽ ጻፊልኝ። አማቴ ታባርረኛለች» አለችኝ።

«ያላየሁትን አልጽፍም። ደግሞስ ነገ ምን ልትያቸው ነው?» አልኳት።

የተናገርኩትን ጆሮዬ ሰማው። እያለቀሰች ወጣች። ጋዋኔን አውልቄ ብከተላት አጣኋት። አስፈቅጄ ወደ ቤት ሄድኩ።

እማማ አንተ በሕፃንነትህ የታቀፍክበትን ፎጣ አጥበው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ ደረስኩ።

«እማማ፣ አላረገዝኩም። ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ ዝም አልሽኝ?»

«እህል ሲቀምሱ ሳይዎት አቃተኝ።»

እርጥቡን ፎጣ ሰብስበው ገቡ። አልጋችንን ትተው ሳሎን መተኛት ጀመሩ። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፤ ግን እንዲህ አድርጌያቸው የት እሄዳለሁ? መቆየትም መሄድም አቃተኝ።

እሑድ የእድር ሴቶች ሊጠይቁን መጡ። አንዷ ብድግ ብላ «ነፍሰ ጡሯ ትቀመጥ» አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እማማ ከማድ ቤት ወጡ።

«ነፍሰ ጡር አይደለችም» አሉ። «ባሏ የሞተባት ሐዘንተኛ ናት። ለዚያ ተነሺላት።»

ተቀመጥኩ። በቀብርህም በተዝካርህም ያላለቀስኩትን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩልህ። እማማም አጠገቤ ተቀምጠው አለቀሱ። ስለ ልጁ ማንም አልጠየቀንም።

አሁንም አንዳንዴ ረስተው ከጓሮ ይጠሩሃል። ስምህን የሚያስጠራ ልጅ አልወለድንም፣ ታዴ። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። እናትህ ስምህን በጠሩ ቁጥር እኔ አቤት እላለሁ።

ያንተው አስቱ