ሁለት አሮጊት፣ አንድ ጠመንጃ

እሑድ፣ ግንቦት 2

ብዙነሽ ከቅዳሴ በኋላ ያወራችው ሐሰት ነው። ከላይ ያሉትን ጎረቤቶቼን ላስፈራራ ጠመንጃ አልገዛሁም። አንደኛ፣ ጠመንጃው ዒላማ የምተኩስበት ነው፤ ከገዛሁት ቆይቷል። ሁለተኛ፣ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር የምኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ በላይ ጣራ ብቻ። ሰው ሲያማ ፎቅ እንኳ አይቆጥርም?

እውነቱ ይኸውና። ዓይኔ ደክሟል። ባለፈው መኸር ዙሪክ ላይ ስተኩስ ሁለት ጥይቶቼ አጠገቤ የሚተኩሰውን ሰው ዒላማ መቱ። የተኳሾች ክለባችን ሊቀመንበር ሄር ኤግሊ በትሕትና... "ለግንቦቱ ውድድር ከመተኮስ ይልቅ ኬክ ቢቆርጡልንስ?" ኬክ! እኔ!

የግንቦቱ ውድድር ለሁለት ሰው አንድ ጠመንጃ ነው። የእኔ ጥንድ ወርቅውሃ ናት፣ አፎልተርን የምትኖረው፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ። ጠመንጃው ላይ አጉሊ መነጽር ካልተገጠመ እኔ አላይም። ከተገጠመ እሷ አትተኩስም። "በመነጽርማ ቴሌቪዥን ማየት እንጂ መተኮስ አይደለም።" ታዲያ ምን ይሻላል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሙሴ ፔራ ሦስት የመነጽር ማሰሪያ ደረደረልኝ። አንዱ ጠመንጃዬ አናት ላይ ካለው ሐዲድ ጥርስ ጋር አይገጥምም፣ ይወዛወዛል። አንዱ በጣም ዝቅ ይላል፤ የጠመንጃው የራሱ ታጣፊ ማነጣጠሪያ ከሥሩ አይተኛም። ሦስተኛውን ወሰድኩ። በጣት ሲከፈት መነጽሩ ይነሣል፤ ማነጣጠሪያው ብድግ ይላል፣ ለወርቅውሃ።

"መልሼ ሳስረው ወደ ቦታው መመለሱን በምን አውቃለሁ?"

"ተኩሰው ነዋ፣ ማዳም።"

ጥሩ መልስ።

ባለ ሁለት እግር መቆሚያም ገዛሁ። አጭርና ረጅም ነበረ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው የተማርኩት... ረጅሙን። ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ቁመቱን በማስመሪያ ለካሁ። እንከን የለውም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

እንደገና ለካሁ። ልክ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

አፎልተርን። ወርቅውሃ ሳሎኗ መሐል ምንጣፍ አነጠፈች።

"በይ ተኚ።"

"ለምን?"

"የምንተኩሰው ተኝተን አይደል እንዴ?"

የለካሁት ሁሉ... ቁጭ ብዬ!

ተኛሁ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይተናል። በረጅሙ እግር አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ወደ ጣራ።

"አንቺ ኂሩት፣ ወፍ ልናወርድ ነው?"

ተኝቼ አንገቴን ሳሰግግ ደግሞ መነጽሩ ቅንድቤን ሊነካ ደረሰ። ወርቅውሃ በሳቅ ፍርስ። እኔም። ለመነሣት ሁለታችንም ሶፋውን ያዝን።

ከዚያ እዚሁ ሰፈር ካለ ሱቅ አጭሩን እግር ገዛን። የመነጽሩ ማሰሪያ ሁለት ጥርስ ወደ ፊት ሄደ። ቦታውን ያገኘችው እሷ ናት፣ ያለ ማስመሪያ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ውድድሩ ላይ ተኮስን!

መጀመሪያ እኔ፣ በመነጽር። ሁሉም በራሴ ዒላማ ላይ። ከዚያ መነጽሩን አነሣሁ፤ ወርቅውሃ በማነጣጠሪያዋ ተኮሰች። ከዚያ እንደገና የእኔ ተራ። መልሼ አሰርኩ። ወደ ቦታው ባይመለስስ? ኬኩ ከወዲያ ይታየኛል፣ ቢላው አጠገቡ። ትንፋሼን ያዝኩ...

"ከአስር ዘጠኝ!" ወርቅውሃ ናት። ከእኔ ቀድማ ጮኸች።

አራተኛ ወጣን። ኬኩን ማን ቆረጠ? ሄር ኤግሊ። ለእኔ ትልቁን።

እሑድ፣ ግንቦት 16

ብዙነሽ አዲስ ወሬ ይዛለች። "ኂሩት እኮ ከሦስት መቶ ሜትር የዝንብ ዓይን ትመታለች!"

ሐሰት ነው። አላረምኩም።

ነገ መጀመሪያ የጠመንጃውን አፈሙዝ እወለውላለሁ። ማሰሪያው ያረፈበት ጥርስ ላይ ነጭ ቀለም ጠብ አደርጋለሁ። ለወርቅውሃ እደውላለሁ፤ ዘጠኝ መምታቴን እሷ ካላነሣች አላነሣም። ታነሣለች። ከዚያ ረጅሙን እግር ለሙሴ ፔራ እመልሳለሁ። ለምን ካለኝ ሱቁ ወለል ላይ ተኝቼ አሳየዋለሁ።