በአንካሳዋ ዝይ ግድግዳ ላይ ስለሚያድገው ዛፍ

ለክቡር ሙሴ ዴዚሬ ኮርናቬን
የ«አንካሳዋ ዝይ» መጠጥ ቤት መልሶ መክፈቻ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሞንማርትር ኮረብታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በከዘራ ተደግፈው ስላየሁዎት ጉልበትዎ እንዲበረታ፣ የክብርት ባለቤትዎ ሳል እንዲለቃቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚቆሙበት መሬት እንዲጸናልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት እንደ ወግ አይቁጠሩብኝ፤ በእኛ ኮረብታ ላይ የምር ምኞት ነው።

ኮሚቴዎ ያሳተመውን «የአንካሳዋ ዝይ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ፣ እንዲሁም በቅዳሜው የመክፈቻ በዓል ላይ እንድገኝ የላኩልኝን ጠርዙ ወርቅ የተቀባ ጥሪ በክብር ተቀብያለሁ። እኔ ሸሚዝ ሰፊ ነኝ። ማንበብን መነኮሳት አስተምረውኛል፣ መጻፍ ግን ዛሬም ስለሚከብደኝ መልሴ ቢዘገይ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁት ደፍሬ አይደለም፤ ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለሚሉኝ፣ ጋዜጣ ግን ስብሰባ ላይ ሆነውም እንደሚያነቡ ስለሰማሁ ነው።

መጽሐፉ ያምራል። በሾርባ ሒሳብ ፋንታ ግጥም አንብቦ የወጣው ገጣሚ፣ ጢሙን በሻማ ያቃጠለው ዘፋኝ፣ ባርኔጣውን ሸጦ ቀለም የገዛው ሠዓሊ፣ ሁሉም አሉበት። እኔም እያነበብሁ ሳቅሁ። ነገር ግን የመጽሐፉ መጨረሻ «አንባቢ ስሕተት ቢያገኝ በትሕትና እንቀበላለን» ስለሚል፣ ትሕትናዎን ላለማሳፈር ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዛፉ።

ከምድጃው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ የሚታየው ታላቅ ዛፍ «በአርቲስቶቻችን እጅ ከዓመት ዓመት እያደገ የመጣ ሕያው ሥዕል» መሆኑን መጽሐፍዎ ይነግረናል። ሕያው መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ። የቀረው ከዛፉ በፊት ስንጥቅ እንደነበረ መጥቀስ ብቻ ነው፤ ይህም በወረቀት እጥረት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቱ ሙሴ አናክሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቤቱን ሲከፍቱ ስንጥቁ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ፀጉር የሚያክል መስመር ነበር። አንድ ሠዓሊ እራቱን ሲጠብቅ ግንድ አድርጎ ሣለው። ስንጥቁ ሲረዝም ሌላው ቅርንጫፍ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ስንጥቁ አዲስ ጫፍ ባወጣ ቁጥር ሙሴ አናክሌ የበሩን ደወል ይደውሉና «ዝም በሉ እናንተ ሰካራሞች! ዛፋችን አድጓል! ብሩሽ የያዘ ማነው?» ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ይነሣል፤ ተረኛው ወንበር ላይ ወጥቶ ስንጥቁን ቅርንጫፍ ያደርገዋል፤ ይጨበጨባል። የቅርንጫፍ በዓል ይሉት ነበር። ክቡርነትዎም በወጣትነትዎ ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ እንደነበሩ በመግቢያው ላይ በኩራት ጽፈዋል። ቤቱ ሲሰነጠቅ ተነሥቶ የሚያጨበጭብ ሰው በሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ በእኛ ኮረብታ ግን ነበረ፣ ስለዚህ በእውነትም ታሪክ ሊጻፍለት ይገባዋል።

ብርጭቆ ያለማንም እጅ ወደ ምድጃው ሲንሸራተት «ጠረጴዛው ሰከረ» ተብሎ ተሳቀ። ቤቱ ስሙን ያገኘባት አንካሳ ዝይ አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች፤ ሲጎትቷት ነከሰች፤ ከዚያም እስክትሞት ድረስ ግቢው ውስጥ ቀረች። ለእሷም ዘፈን ተገጠመላት። ዘፈኑ በመጽሐፍዎ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ፤ አልገባም ማለቷ ግን የለም።

ሁለተኛ፣ በዛፉ ላይ ስላሉት ነጫጭ ጎጆዎች።

«የፊርመን ቮክላን ውብ ፈጠራ» ናቸው ተብሎ ተጽፏል። እኔ እናቱ ነኝና ልጄ ሲመሰገን ደስ ይለኛል፤ ይሁን እንጂ ጎጆዎቹን እሱ አልፈጠራቸውም። ይህ ኮረብታ ውስጡ የጄሶ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ እንደነበረ እርስዎ ያውቃሉ። አያቶቻችን ነጩን ቆፍረው የከተማውን ግድግዳ ሁሉ ለሰኑበት፤ ለእኛ የቀረልን ጨለማው ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ላይ ቀጭን የጄሶ ቁራጭ አግድም ይለጠፋል፣ ቀኑም ይጻፍበታል፤ ጄሶው ከተሰበረ መሬቱ እየሄደ ነው ማለት ስለሆነ ሰው ከቤት ይወጣል። የካባ ተቆጣጣሪው መጥተው በአንካሳዋ ዝይ ግድግዳ ላይ የለጠፉት ይህን ነበር።

ጄሶው ተሰበረ። ተቆጣጣሪው ከመመለሳቸው በፊት ልጄ በወፍራም ቀለም ቀባውና የወፍ ጎጆ አደረገው፣ እንቁላልም ጨመረበት። ሰውየው በመጡ ጊዜ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አይተው «የእኔ ጄሶ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። አንድ ገጣሚ ከጠረጴዛ ላይ ቆሞ «ወፎቹ ተከራይተውታል ጌታዬ፣ ውል ካላመጡ አይለቁም!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ አንድ ብርጭቆ ተሰጣቸው፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ እሳቸውም ሳቁ፤ በመጨረሻም ሠዓሊዎቹ ጉጉት ወፍ አድርገው ዛፉ ላይ ሣሏቸው። ጉጉቱ እስከ ዛሬ በግራ በኩል ተቀምጦ ያያል። ከዚያ በኋላ በተለጠፈው ጄሶ ሁሉ ላይ ጎጆ ተሣለ። መጽሐፍዎ «ጎጆ የበዛበት ዛፍ» ሲል ያደንቀዋል። እኔ ሳየው ማንም ያልሰማው ማስጠንቀቂያ ተደርድሮ ይታየኛል፤ ነገር ግን ጥበብ አልተማርሁም።

ሦስተኛ፣ «ተለየን» ስለሚለው ቃል።

«ደስተኛው የወፎች ሠዓሊ ፊርመን በወጣትነቱ ተለየን» ብለዋል። ስላስታወሱት አመሰግናለሁ። ልጄ ግን ማንንም አልተለየም፤ አሁንም እዚያው ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላመጣለት ገብቼ ዛፉን አይቼ ነበር። «ፊርመን፣ ግድግዳ እንዲህ ሲሆን ሰው ይወጣል እንጂ ወፍ አይሥልበትም» አልሁት።

«እማ ደግሞ! ዛፍ ነው እኮ፤ ሲያድግ ደስ አይልሽም?»

«ላዩ ይህን ያህል ካደገ፣ ሥሩ የት ደርሷል?»

«ሥሩንማ ለአንቺ ትቼልሻለሁ፣ አንቺ ትሥይዋለሽ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፤ አገጩ ላይ ያለው ያልደረቀ ሰማያዊ ቀለም እኔም ላይ ቀረ። እንደዚያው ሆኜ በመንገድ ሁሉ ሰው እየሳቀብኝ ቤቴ ገባሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በጥቅምት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር በመጋረጃ ላይ የሚታይ የጥላ ትርዒት ሲለማመዱ ፊርመን መብራት ሊያመጣ ወደ ምድር ቤት ወረደ። እዚያ የነበሩት እንደነገሩኝ ጩኸት አልነበረም፤ የደከመ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚያወጣው ዓይነት ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ከዚያ በደረጃው ነጭ አቧራ ወጣ። የምድር ቤቱ ወለል ከሥሩ ወዳለው አሮጌ ካባ ገብቶ ነበር። ፋኖስ በገመድ አወረዱ፤ ገመዱ አለቀ እንጂ ጉድጓዱ አላለቀም። ለፈላጊዎቹ ያሰጋል ተብሎ ፍለጋው ቆመ፤ አፉ በፍርስራሽ ተደፈነ፣ በላዩም ጄሶ ፈሰሰበት። ካህኑ ግቢው ውስጥ ቆመው ወደ ወለሉ ጸለዩ። አበባ የማኖርበት መቃብር ስለሌለኝ፣ ኮሚቴዎ በበሩ ላይ ለሚሰቅለው የእብነ በረድ ጽሑፍ ባለውለታ ነኝ፤ የልጄ ስም ባይኖርበትም የእርስዎ ስም አለበት።

አራተኛ፣ ስለ አዲሱ ወለል።

በዚያው ጄሶ ላይ «መቶ ጥንድ ዳንሰኛ የሚችል» ወለል አንጥፈዋል። ሳይነጠፍ በፊት የካባ ተቆጣጣሪ ይየው ብዬ ብለምን፣ ከተነጠፈ በኋላም አንድ ሳንቃ ይነሣ ብዬ ብለምን፣ «ውበቱ ይበላሻል» የሚል መልስ ደረሰኝ። ጸሐፊዎም «ማዳም፣ ሐዘን ሲበዛ ግድግዳ ሁሉ የተሰነጠቀ ይመስላል» ብለው በደግነት አጽናኑኝ። ሕመሜን ስላወቁልኝ አመሰግናለሁ። መድኃኒቱንም ቢያውቁት ኖሮ ግድግዳውም በዳነ ነበር።

አምስተኛ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጥሪውን ይዤ ቤቱን ለማየት ሄድሁ። ልማዱን እንድትቀጥል የቀጠሯት ወጣት ሠዓሊት፣ ኤግላንቲን፣ መሰላል ላይ ነበረች። ጥሩ ልጅ ናት። ከላይ ሆና ጠራችኝ፦

«ማዳም ቮክላን! የፊርመን እናት! ኑ ይዩ እንጂ፤ ዛፉን ሰው ሁሉ ሞተ ሲለው ይኸው አዲስ ቅርንጫፍ አወጣ!»

«መቼ ነው ያወጣው?»

«ወለሉ ከተነጠፈ ወዲህ ነው፣ ጣሪያ ሊነካ ነው እኮ! ሙሴ ኮርናቬን ሲያዩት እንባቸው መጣ። ‹ተመስገን፣ ቤቱ ነፍስ ዘራ› አሉ።»

«ልጄ፣ እናት አለችሽ?»

«አለችኝ፤ ምነው?»

«ቅዳሜ ትመጣለች?»

«እንዴታ! ከፊት ነው ያስቀመጥኋት፣ ከዛፉ ሥር፣ ከእርስዎ ጎን!»

«ከመሰላሉ ውረጂ፣ የኔ ልጅ።»

«ውይ፣ እርስዎም እንደ እሷ!» አለችና ሳቀች፤ ብሩሿንም ቀለም ውስጥ ነከረች።

ክቡር ሆይ፣ ይህችን አምስተኛዋን ቅሬታ እንዴት እንደምጨርሳት ስላላወቅሁ ብዙ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አቆየኋት። ስለዚህ ያለ ጌጥ ልበለው። ከቅዳሜ በፊት አንድ ሳንቃ አስነሥተው ፋኖስ ያውርዱበት። ፋኖሱ ጠንካራ መሬት ካሳየዎ፣ በዚሁ ጋዜጣ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፣ በወለልዎም ላይ በዚህ ዕድሜዬ እጨፍራለሁ። ጠንካራ መሬት ካላሳየዎ፣ የኤግላንቲን እናት ቤቷ እንድትቀር ይንገሯት፤ ልጇንም ይመልሱላት። የእኔ ደብዳቤ ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ቀሪው ሁሉ ለጨዋነት የተጻፈ ነው።

ጥሪዎን አክብሬ ቅዳሜ እመጣለሁ። ከዛፉ ሥር ላዘጋጁልኝ ወንበር ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ እሱን ግን ለሚገባው ለክቡርነትዎ እተዋለሁ። እኔ ግቢው ውስጥ፣ ዝይዋ ትቆምበት በነበረው ቦታ እቆማለሁ። የሚገባውን ሰው ሁሉ በየስሙ ሰላም እላለሁ፤ ማን ማን እንደገባ የሚያውቅ አንድ ሰው ውጭ መቅረት አለበትና።

ለጥበብ ላሳዩት ፍቅር፣ ለሐዘኔ ላሳዩት ትዕግሥትና በልጄ ላይ ላነጠፉት ውብ ወለል ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የክቡርነትዎ ትሑት አገልጋይ፣

ኦርታንስ ቮክላን
የፊርመን እናት

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ዕለት ጥቂት ጄሶ በጥብጬ ከዛፉ ጀርባ፣ በጓሮው መተላለፊያ በኩል፣ በውጭው ግድግዳ ስንጥቅ ላይ ለጥፌ ቀኑን በእጄ ጻፍሁበት። ይህን ደብዳቤ ገልብጬ ሳበቃ ሄጄ አየሁት። መሐሉ ላይ ተሰብሯል፤ በስብራቱ ውስጥ ጥፍሬ ገብቷል። ከጎኑ ሌላ ለጥፌያለሁ። አይቶ የሚመጣ ሰው ለመላክ ፈቃድዎ ከሆነ፣ እባክዎ ብሩሽ የያዘ ሰው አይላኩ።